ሙሉ ፓኬጅ ከመፈረምሽ በፊት

ያን ወረቀት እስቲ ወደ እኔ አዙሪው። አናቱ ላይ «ሙሉ ፓኬጅ» ይላል። ሁለት ፎቶ አንሺ፣ ሦስት ካሜራማን፣ ድሮን፣ የቅድመ ሰርግ ፎቶ፣ ሃይላይት፣ ትልቅ አልበም፣ እንግዳ የሚፈርምበት ሰፊ ፎቶ፣ አዳራሽ ውስጥ የሚቆም ስክሪን። ከግርጌው አንድ ዋጋ ብቻ ተጽፏል። ምኑ ስንት እንደሚያወጣ አይናገርም፤ ተነጣጥሎ ቢቀርብልሽ ግማሹን እንደምትሰርዢው ያውቃሉ።

ብዕሩን አስቀምጪና ስሚኝ። ፎቶ አንሺ ልያዝ፣ ቪዲዮ ይበቃል፣ ሁለቱም ይሁኑ፣ ወይስ የአክስቴ ልጅ በስልኩ ይቅረጸኝ እያልሽ ስትብሰለሰዪ ሰነበትሽ። የእኔ ምክር አጭር ነው። ፎቶ አንሺውን ለሙሉ ቀን ያዢው። ለቪዲዮው ግን ሰው ለሚናገርባቸውና ለሚዘፈንባቸው ሰዓታት ብቻ ክፈዪ። ሌላው ሁሉ ገንዘብ ከተረፈ የሚታሰብ ነው። ምክንያቴን ልንገርሽ፤ ካልተዋጠልሽ የራስሽን አድርጊ።

ፎቶው ለምን ይቀድማል

መጀመሪያ ስልክ የማይተካው የቱን እንደሆነ እንይ። የሰርግ አዳራሽ ለዓይን ያማረ፣ ለካሜራ ግን ክፉ ቦታ ነው። ዲኮሩን የሠራው ሰው ግድግዳውን በሐምራዊና በሰማያዊ መብራት ያጥበዋል፤ ዲጄው ደግሞ የሚሽከረከረውን ይጨምርበታል። በዚያ ብርሃን ስልክ የሚያነሳው ፊት ወይ ሐምራዊ ነው፣ ወይ የተንቀጠቀጠ። ሌላም ችግር አለ። የሐበሻ ቀሚስሽ ነጭ ነው፣ አንቺ ጠይም ነሽ። ካሜራው ለነጩ ከተለካ ፊትሽ ይጨልማል፤ ለፊትሽ ከተለካ ደግሞ ሸማው ነጭ ብርሃን ብቻ ሆኖ የጥለቱ ሥራ ይጠፋል። ሁለቱን አስታርቆ ማንሳት ሙያ ነው። ባለሙያው ፍላሹን ጣሪያ ላይ እያሳረፈ ያለሰልሰዋል፤ ጨለማ ጥግ ሲገጥመው ረዳቱን መብራት አስይዞ ያቆመዋል። ዘመድ በስልኩ ይህን አያደርግልሽም፤ አንቺም አትጠብቂበት።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። የስንቱ ቤት ቁም ሳጥን ላይ የሰርግ ቪዲዮ ካሴት ተጋድሟል፤ ማጫወቻው ግን የለም። የቪ ኤች ኤስ ማጫወቻ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በሐምሌ 2008 ማምረቱን አቁሟል። ከካሴቱ በኋላ ሲዲ መጣ፣ ከዚያ ዲቪዲ፤ ዛሬ የምትገዢው ላፕቶፕ ዲቪዲ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። በእነዚያ ዓመታት የተጋቡት ሰዎች የወረቀት ፎቶ ግን እስከ ዛሬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፎቶ በወረቀት ከታተመ በኋላ ኤሌክትሪክም፣ ማጫወቻም፣ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ይህን አስበሽ፣ ፋይል በፍላሽ ተቀብለሽ እንዳትቀሪ። ቢያንስ ሃምሳ ፎቶ በደህና ወረቀት አሳትሚ።

ሦስተኛውን ሰው አይነግርሽም፣ እኔ ግን እነግርሻለሁ። በብዙ ቤት የአባት፣ የእናት፣ የአያት ደህና ፎቶ የሚገኘው ከልጅ ሰርግ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ተዘጋጅተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከካሜራ ፊት አይቀመጡም። ቀን ደርሶ ለቅሶ ቤት ትልቅ ፎቶ ሲፈለግ ከሰርግ ላይ ተቆርጦ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከጎናቸው የቆመው ሰው ትከሻ አብሮ ይታያል። ስለዚህ ፎቶ አንሺውን እንዲህ በዪው፦ «ጠዋት ከቤት ሳልወጣ የሁለታችንንም ወላጆችና አያቶች አንድ በአንድ፣ ተቀምጠው፣ መስኮት አጠገብ፣ ለብቻቸው አንሳልኝ።» ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከጠቅላላው ክፍያ ውስጥ ዋጋው የማይወርደው ይህ ሩብ ሰዓት ነው።

አራተኛው ጉዳይ የወረቀት ነው። ከእናንተ አንዳችሁ አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ፣ ለትዳር ጓደኛ ቪዛ ማመልከቻ ሲገባ ጋብቻው የእውነት መሆኑን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ጋር ፎቶ ይያያዛል። እዚያ ላይ ሁለታችሁ መናፈሻ ውስጥ ግንባር ለግንባር ገጥማችሁ የተነሳችሁት ብዙም አይናገርም። የሚናገረው ሁለቱ ቤተሰብ በአንድ ላይ ቆሞ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ እናቶች ተቃቅፈው፣ ሰው እየበላ የተነሳው ነው። ፎቶ አንሺሽ ቀኑን ሙሉ አንቺን ብቻ እየተከተለ ከዋለ ይህን አያገኝም።

ቪዲዮ የሚገዛው ለድምፅ ነው

አሁን ዓይንሽን ጨፍኚና የሰርግሽን ቀን በጆሮሽ ብቻ አስቢው። ጠዋት ከቤት ልትወጪ ስትይ የአባትሽን ጉልበት ትስሚያለሽ፤ ያኔ የሚመርቁሽ ምርቃት አለ። ከዚያ በር ላይ ሚዜዎችሽ ተሰልፈው ሙሽራውን አላስገባ ብለው ሲያስጨንቁት የሚዘፈነው፣ የሙሽራው ሚዜዎች ሲመልሱ፣ ድርድሩ፣ ሳቁ። የአክስቶችሽ እልልታ አለ። መልስ ላይ ካባችሁን ለብሳችሁ ተቀምጣችሁ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ በቃሉ የሚያወርደው ምክር አለ። ይህን ፎቶ አይይዘውም። ፎቶ ላይ የአባትሽ ከንፈር ተከፍቶ ታያለሽ፤ ምን እንዳሉሽ አይነግርሽም። ቪዲዮ የሚከፈልበት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ካሜራማኖቹ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉት ተመልከቺ። ጫማሽን አልጋ ላይ አስቀምጠው ይቀርጹታል። ሽቶውን ይቀርጹታል። ቬሎሽን መጋረጃ ላይ ሰቅለው ከላይ እስከ ታች ይሄዱበታል። የመኪናውን አጀብ በጣሪያ ቀዳዳ ወጥተው ይቀርጹታል። መናፈሻ ወስደው ቀስ ብላችሁ እየተራመዳችሁ ተያዩ ይሏችኋል። ይህ ሁሉ ድምፅ የለውም፤ ፎቶ አንሺው በአስር ፎቶ ይጨርሰዋል። ብሩ ግን የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ኤዲት ይመጣል። እዚህ ላይ ጠንከር በዪ። ብዙ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈን ይደርብበታል፤ ዘፈኑ ሲገባ የቀኑ ድምፅ ይዘጋል። አባትሽ ሲመርቁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን የዘፋኝ ድምፅ ነው። የከፈልሽበትን ነገር አጥፍቶ፣ በስልክሽ ያለውን ዘፈን መልሶ ሸጠልሽ ማለት ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ሁለት ነገር አስይዢው። አንደኛ፣ ምርቃት፣ ንግግርና የበር ላይ ዘፈን ባለበት ቦታ ሁሉ ሙዚቃ አይደረብም። ሁለተኛ፣ ያልተቆረጠውን ቅጂ ሙሉውን ያስረክባል። አራት ደቂቃ ሃይላይት ጓደኞችሽ አንድ ቀን አይተው ይረሱታል፤ ያልተቆረጠው ውስጥ ግን የአያትሽ ድምፅ አለ።

ለዚህኛው ማስቀመጫ አዘጋጂ። በ4ኬ፣ በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋ ባይት ገደማ ይሞላል። አምስት ሰዓት ቢቀረጽ ከ200 ጊጋ በላይ ነው፤ ሁለት ካሜራ ከሆነ እጥፉ። በፍላሽ አምጣልኝ የምትዪው ነገር አይደለም፤ ሃርድ ዲስክ ገዝተሽ ስጪው።

ስለ ማይክም አንድ ነገር ልበልሽ። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ከአምስት ሜትር ርቀት የሚቀዳው ጫጫታ ነው። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ድምጹ በስፒከር ወጥቶ፣ ግድግዳ መትቶ ነው የሚደርሰው። «ድምፁን ከምን ትቀዳለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ከዲጄው ሚክሰር በገመድ እወስዳለሁ፣ ለሚናገረው ሰው ደረቱ ላይ የሚሰካ ማይክ አደርጋለሁ ካለሽ ሥራውን ያውቃል። «ካሜራው ራሱ ይቀዳል» ካለሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።

እንግዲህ የቪዲዮ ሰዓቶችሽ እነዚህ ናቸው፦ ጠዋት ከቤት መውጫው፣ አዳራሽ ከምትገቡበት ንግግሩና ኬኩ እስኪያበቃ፣ እና መልስ። ጥሎሽ ወይም ሽምግልና ላይ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ካለ እሱን ጨምሪ። ከማለዳ እስከ ሌሊት ተብሎ የተጻፈው ቀን ወደ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይወርዳል፤ ሦስቱ ካሜራማን ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ይሆናሉ። በዚህ መልክ ዋጋ ስጡኝ ስትዪ መጀመሪያ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፣ ኋላ ይሰጡሻል።

ለቪዲዮ ጭራሽ ገንዘብ ከሌለሽስ? ያን ጊዜ የአክስትሽን ልጅ ጥሪው፣ ሥራ ግን ለይተሽ ስጪው። ምርቃቱንና መልሱን ብቻ ይቅረጽ። ስልኩን አግድም ይያዝ፤ ቻርጅ ሞልቶ፣ ቦታ አስለቅቆ፣ ጥሪ እንዳያቋርጠው በረራ ላይ አድርጎት። ከሁሉ በላይ ከሚናገረው ሰው በክንድ ርቀት ይቀመጥ። ስልክ ከቅርብ ድምፅ ደህና አድርጎ ይይዛል፤ ቪዲዮው በስልክ ቢሆን ያን ያህል አትጎጂም፣ ፎቶው በስልክ ቢሆን ግን ትጎጃለሽ የምልሽ ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። እናትሽ ወይም አባትሽ መምጣት የማይችሉ ከሆነ፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች እህትሽ አሠሪዋ ፈቃድ ከከለከላት፣ ቪዲዮው ይቅደም። በቀጥታ ይተላለፍላቸው፤ ኔትወርኩ ሊቆራረጥ ስለሚችል ግን ካሜራው ላይም አብሮ ይቀረጽ፤ ማታውኑ የምርቃቱ ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይላክላቸው። ቤተሰብሽ ውስጥ በቃሉ ቅኔ የሚያዥጎደጉድ፣ ማሲንቆ የሚመታ፣ ፉከራ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለም ሌላውን ቀንሰሽ እሱን አስቀርጪ።

ሰርጉ ምን ዓይነት ነው?

ሁሉም ሰርግ አንድ አይደለም፤ እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ። በተክሊል ከሆነ ሥርዓቱ ከቅዳሴ ጋር ይፈጸማል። ካሜራ እስከ የት እንደሚገባ፣ ፍላሽ ይፈቀድ እንደሆነ የሚወስነው ደብሩ ነው። ፎቶ አንሺሽን ይዘሽ ቀደም ብለሽ ሂጂና ጠይቂ። ፍላሽ ከተከለከለ በዝቅተኛ ብርሃን የማንሳት ልምድ ያለው ሰው ያስፈልግሻል፤ የቤተ ክርስቲያን ፎቶውንም አስቀድሞ ያሳይሽ። ጫማ እንደሚወልቅ፣ ካህናቱ ፊት እንደማይተላለፍ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ቀድመሽ ንገሪው።

ኒካህ ከሆነና የሴቶቹ ዝግጅት ለብቻ ከሆነ ሴት ፎቶ አንሺና ሴት ካሜራ ባለሙያ ትፈልጊያለሽ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል፤ አንቺ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ ስቱዲዮ ሲደርስ ፋይሉን የሚከፍተው ማነው? ያነሳችው ሴት ሆና ኤዲት የሚያደርገው ወንድ ከሆነ ጥንቃቄሽ ሁሉ ከንቱ ነው።

ፊርማና ምሳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ፓኬጅ አትንኪ። የቤተሰብ ሕጉ ከእያንዳንዳችሁ ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ይጠይቃል፤ አራት ምስክር፣ ሁለት ሙሽራ፣ ጥቂት ቤተሰብ። ለዚህ አንድ ፎቶ አንሺ ለሁለት ሰዓት በቂ ነው። በሰዓት የሚሠራ ሰው የለም ቢሉሽ አትመኚ፤ በተለይ በሥራ ቀን ሥራ የሌለው ባለሙያ ብዙ ነው።

የመናፈሻው ሰዓት

እንግዳ የሚያማርረው ምግቡን ይመስልሻል? የሚያማርረው ጥበቃውን ነው። በ7 ሰዓት የተጠራ ሰው እስከ 10 ሰዓት ውኃ ይዞ ተቀምጦ «ሙሽሮቹ መናፈሻ ናቸው» ይባላል። ሽማግሌዎቹ ይርባቸዋል፤ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ። ወዳጅነት ፓርክም ሆነ እንጦጦ ስትሄጂ ደግሞ የጥር እሑድ ከሆነ ሌሎች ሙሽሮች በየዛፉ ሥር ተሰልፈው ታገኛለሽ። የመግቢያና የፎቶ ክፍያ ካለም በማን በኩል እንደሚከፈል አስቀድመሽ ጠይቂ።

ፎቶውን የሚያሳምረው ብርሃኑ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የቀትር ፀሐይዋ ከአናት ላይ ወርዳ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፣ ሜካፕ ታቀልጣለች። ጥር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ፊት ላይ ለስላሳ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ቀጥታ አዳራሽ ግቡ፣ እንግዳው ይብላ፣ ከዚያ ሰው ሲጨፍር ሁለታችሁ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ውጡና በአዳራሹ ግቢ ወይም በቅርብ ባለ ዛፍ ሥር ተነሱ። መናፈሻው የግድ ከሆነብሽ በሌላ ቀን ልብሱን ለብሳችሁ ሂዱ። እንግዳ አይጠብቅ፣ እናንተም አትሩጡ።

ድሮንን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ። ያለ ፈቃድ የሚነሳ ነገር አይደለም፤ ፈቃዱ በማን ስም እንደወጣ ያሳዩሽ። ወረቀት ከሌላቸው ይሰርዙት፣ ዋጋውንም ይቀንሱልሽ። ከላይ ሆኖ የሚታየው የድንኳን ጣሪያ ነው፤ ብዙም አይቆጭሽም።

ሰውየውን ስትመርጪ

ኢንስታግራም ላይ ያለውን አትመኚው። እዚያ የተለጠፈው ከመቶ ሰርግ የተመረጠ መቶ ፎቶ ነው። «የአንድ ሰርግ ሙሉ ሥራህን አሳየኝ» በዪው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን። አዳራሽ ውስጥ ያለው ከሜዳ ካለው እኩል ይታያል? ሽማግሌዎቹ ተነስተዋል ወይስ ሙሽሮቹ ብቻ ናቸው? የሰዎቹ ቆዳ የራሳቸው ቀለም አለው ወይስ ሁሉም ነጥቷል? የማንጣት ነገር በሽታ ሆኗል፤ ጠይም ልጅ ገብታ ቢጫ ሆና ትወጣለች። «ፊቴን አታንጣ፣ የአባቴን ሽበትና የአያቴን ንቅሳት አታጥፋ» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ።

ቀጥለሽ «ማን ነው የሚመጣው?» በዪ። ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ሰርግ የሚደረገው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው፤ ጾሙ የሚገባበት ቀን ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ነው። ቶሎ በሚገባበት ዓመት ከጥምቀት እስከ ጾሙ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። በዚያ ጠባብ ጊዜ ስም ያለው ስቱዲዮ በአንድ እሑድ ብዙ ሰርግ ይቀበላል፤ ሥራውን ያሳየሽ ሰው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው መሆን የሚችለው። ወደ አንቺ የሚላከው ረዳቱ ሊሆን ይችላል። ረዳቱም ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን የእሱን ሥራ እዪ፤ ስሙም ውሉ ላይ ይጻፍ።

የመሣሪያውን ነገር ብዙ አትጠይቂ፣ ሁለቱ ይበቃሉ። ካሜራው ሁለት ሚሞሪ ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ ይጽፋል ወይ? ካርድ ያለ ማስጠንቀቂያ ይበላሻል፤ ሁለት ላይ ከተጻፈ አንዱ ይተርፋል። ሁለተኛ ካሜራስ ይዞ ይመጣል ወይ? አንድ ካሜራ ብቻ ይዞ ሰርግ የሚመጣ ሰው፣ ካሜራው ከወደቀ የሰርግሽ ፎቶ አብሮ ወደቀ።

ዋጋ ስታነጻጽሪም አንድ ዓይነት ነገር አነጻጽሪ። አንዱ ርካሽ የሆነው አልበሙ ስለሌለበት፣ ሌላው ውድ የሆነው መልሱ ስለተጨመረበት ይሆናል። ለሦስት ሰው ያንኑ ዝርዝር ስጪና ሦስቱም በየመስመሩ ዋጋ ይጻፉልሽ።

ቀብድና ውል

ሰው ተግባብተናል ብሎ ብር በቴሌብር ይልካል፤ በኋላ ስልክ አይነሳም። አንቺ አንድ ገጽም ቢሆን ጻፊ። ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚመጣው ሰው ስም፣ ስንት የታረመ ፎቶ፣ ስንት ሰዓት ቪዲዮ፣ ያልተቆረጠው ቅጂ፣ የማስረከቢያው ቀን። የማስረከቢያው ቀን ካልተጻፈ ጥር ያገባሽው ሰኔም ላይ ስትደውዪ «ኤዲት ላይ ነው» ትባያለሽ። ከዘገየ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚቀነስም ይጻፍ።

የምትሰጪውን ብር ደረሰኝ ላይ «ቀብድ» አስብለሽ አስጽፊው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ላይ ቀብድን በተመለከተ ግልጽ ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የተሻለ የሚከፍል ሰው አግኝቶ ሊተውሽ ያሰበ ስቱዲዮ ይህን ሲያይ ሁለቴ ያስባል። አንቺም ቀን ከቀየርሽ የምታጪውን አውቀሽ ግቢ፤ የቀን ለውጥ እንዴት እንደሚታይ ውሉ ላይ አስገቢው። ክፍያውን ሦስት ቦታ ክፈዪው፦ ቀብድ፣ የሰርጉ ዕለት፣ ስትረከቢ። የመጨረሻው ክፍል ትንሽ አይሁን፤ ሥራሽን የሚያስጨርስልሽ እሱ ነው።

ሌላም አለ። ሰርግሽ የስቱዲዮው ማስታወቂያ ይሆናል ወይ? ሳትጠየቂ ቲክቶክ ላይ እያለቀስሽ ልትገኚ ትችያለሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ፈቃድሽ ግን አንዳንድ ጊዜ ውሉ ታች በትናንሽ ፊደል ተጽፎ ይጠብቅሻል፤ አንብቢው። ከፈቀድሽም የቱን እንደሆነ ለይተሽ ፍቀጂ፤ የሕፃናትና የእናትሽ ለቅሶ አይውጣ በዪ። መለጠፉ ለእነሱ ጥቅም አለው፣ ስለዚህ ዋጋ ቀንሱልኝ ማለትም መብትሽ ነው።

ስትረከቢ ሦስት ቦታ አስቀምጪ፦ አንቺ ጋ አንድ ዲስክ፣ እናትሽ ቤት አንድ፣ ኢንተርኔት ላይ አንድ። ዲስክ ይሞታል፤ ስቱዲዮውም ከጊዜ በኋላ ያጠፋዋል። ውጭ አገር ላለው ቤተሰብ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ጥራቱን ቀንሶ ነው የሚያደርሰው፣ እነሱ ሲያሳትሙት ይደበዝዝባቸዋል።

እናትሽ ቢያኮርፉስ

«ጎረቤት ምን ይላል? የእነ እገሌ ሰርግ ሦስት ካሜራ ነበረው» ይሉሻል። እውነትም አላቸው። የሰርግ ቪዲዮን ደጋግሞ የሚያየው እናት ነው። አንቺ ሁለቴ አይተሽ ትተዪዋለሽ፤ እሳቸው ቡና አፍልተው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ እየቆጠሩ ያዩታል። ስለዚህ አትከራከሪያቸው፤ ጠይቂያቸው፦ «እማዬ፣ ቪዲዮው ላይ ማንን ማየት ትፈልጊያለሽ?» የሚነግሩሽ ስም የድሮንና የሽቶ ጠርሙስ አይሆንም። የእህቶቻቸውን፣ የማኅበር ጓደኞቻቸውን፣ ከገጠር የሚመጡትን ወንድማቸውን ስም ነው። ያን ስም ጻፊና ለካሜራማኑ ስጪው። እያንዳንዱ የእንግዳ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይለፍ። ይህ ምንም ዋጋ አይጨምርም፤ እናትሽን ግን ከሦስት ካሜራ በላይ ያስደስታቸዋል።

የፎቶውንም ዝርዝር እንዲሁ አዘጋጂ፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው መድቢ፣ ዘመዱን በመልክ የሚያውቅ። ፎቶ አንሺው አጎትሽን ከአስተናጋጅ ለይቶ አያውቅም። የተመደበው ሰው «እነዚህ የሙሽራው አክስቶች ናቸው፣ አሁን አንሳቸው» እያለ ይጥራ። አንቺ በዚያ ቀን ስልክም ዝርዝርም አትያዢ።

እና አትዘግዪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የምታገኚው ባለሙያ ሌላው ሙሽራ አይቶ የተወው ነው። ዛሬ ማታ ከእጮኛሽ ጋር ተቀመጪና ሦስት ነገር ወስኑ፦ ቪዲዮ የሚያስፈልግባቸውን ሰዓታት፣ ለብቻቸው የሚነሱትን ሰዎች፣ ከዚህ በላይ አንከፍልም የምትሉትን ብር። ነገ ጠዋት ደውዪ። «ማን ነው በአካል የሚመጣው? ያልተቆረጠውን ቅጂ ትሰጡኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱን ሳያቅማማ ከመለሰልሽ ቀጠሮ ያዢ፤ ካቅማማ አመስግነሽ ዝጊና ለሚቀጥለው ደውዪ።